ከመጋረጃው ማዶ የሚያሸተው ሰው

ለማንም እንዳታወሩብኝ እንጂ... ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የሁለት ልጆች እናት የሆንኩት ሴትዮ፣ ቢሮዬ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ተኮራምቼ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በፀሐይ ነው። ባለቤቴ መምህር ሆኖ ጅግጅጋ ተመድቦ ከመጣን ዓመት ሊሞላን ነው። እኔ ሥራ ያገኘሁት ግን በቅርቡ ነው፤ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የደረሰኝ ክፍል መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ትገባና ኮምፒውተሩ ላይ የራሴን ፊት እንጂ ፊደል አላይም። ዓይኔ ያለቅሳል፣ ራሴን ይፈልጠኛል።

መስኮቱ ላይ ገመዱ ተቋጥሮ አቧራ የጠጣ የቢሮ መጋረጃ ነበር... ያ ገመዱን ሲስቡት ጠፍጣፋ ክንፎቹ የሚከፈቱ የሚዘጉት ዓይነት። ፈታሁት፣ ክንፍ በክንፍ ወለወልኩት። ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ ቀትር ላይ ክንፎቹን ወደ ጣሪያ ቀና አደርጋቸዋለሁ፣ ዘጠኝ ሲሆን ጥርቅም። ራስ ምታቴ ለቀቀኝ።

ሰኞ ዕለት ግን ከውጭ ጠጠሩ ላይ ኮቴ ሰማሁ። መጣ መጣና መስኮቴ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጥላው መጋረጃው ላይ አረፈ... የሰው ጭንቅላት። ትንሽ ቆይቶ ሄደ። ማክሰኞም በዚያው ሰዓት። ረቡዕም።

ለሆዳን ነገርኳት። የዚሁ ከተማ ልጅ ናት፤ አጠገቤ ያለው ክፍል የሷ ነው። ፈገግ ብላ «አባዮ፣ አትጨነቂ፣ ቀስ ብለሽ ተጫወቺ» አለችኝ። አባዮ እህቴ ማለቷ ነው። ምኑን እንደምጫወት ግን አልገባኝም።

ሐሙስ ሆዳን ለሠርግ ባቢሌ ሄዳለች። ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ኮቴው መጣ። መስታወቱን ለነፋስ ገርበብ አድርጌው ነበር... በዚያች ክፍተት ሰውየው ሲያሸት ሰማሁት። ረጅም ትንፋሽ እየሳበ፣ እያቆመ፣ ደግሞ እየሳበ። ጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

የመጋረጃው ገመድ እዚያ ድረስ ይንጠለጠላል። ልሳበው፣ ልተወው... ሳብኩት። ክንፎቹ ባንድ ጊዜ ተከፈቱ።

ጋሽ ኑር ናቸው። የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ፣ በየጠዋቱ ልጆቼን በስማቸው እየጠሩ የሚጠይቁኝ። እሳቸውም ደነገጡ። ዓይናቸው ከኔ አልፎ ጠረጴዛው ሥር ያለውን ጥግ ሁሉ ዞረ።

«እዛ ምንድነው የደበቅሽው?»

«ራሴን» አልኳቸው። አላመኑኝም።

ዓርብ ጠዋት ደብዳቤ ጠበቀኝ። በሥራ ሰዓት መጋረጃ ዘግቼ ጫት ስለመቃሜ ማብራሪያ እንድሰጥ ይላል። ጋሽ ኑር፣ ጠረጴዛ ሥር ዕቃ ስትደብቅ አይቻለሁ ብለው ፈርመዋል። ጫት በአፌ ዞሮ አያውቅም እኮ።

ደብዳቤውን ይዤ ከሠርጉ የተመለሰችው ሆዳን ጋ ሮጥኩ። በኛ ግቢ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋረጃ ከተዘጋ ውስጥ በርጫ አለ፣ ይቃማል ማለት እንደሆነ፣ ጋሽ ኑርም ያሸተቱት የጫት ሽታ ፍለጋ እንደሆነ ነገረችኝ። ከኔ በፊት በዚያ ክፍል የነበረውም ሰው የተሰናበተው በዚሁ ነው፤ ገመዱን የቋጠሩት እሱ ከሄደ በኋላ ነው። እሷ ራሷ እየቃምኩ መስሏት፣ ለሚፈልጉኝ ሁሉ ስብሰባ ላይ ናት እያለች ስትሸፍንልኝ ሰንብታለች።

«እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ግቢ አላልሽኝም» ብላ ደግሞ ተቀየመችኝ።

ኃላፊያችን አቶ መሐድ ዘንድ ገባሁ። ራስ ምታቴን፣ ኮምፒውተሩን፣ ጠረጴዛ ሥር የገባሁበትን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ራሱ ክፍሉን እንደሚያይ፣ ፀሐይዋ እውነትም የምታስቸግር ከሆነ ነገሩ እንደሚዘጋ፣ ካልሆነ ግን ቋሚ ቅጥሬ እንደሚቀር ነገሩኝ። እፎይ ልል ስል ሰዓቱን ጠየቅኳቸው።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

ጠዋት ሦስት ሰዓት ክፍሌ እንደ ጓዳ ቀዝቃዛ ነው። ወደ ከሰዓት እንዲያዞሩልኝ ለመንኳቸው። ከሰዓት እንኳ የኮሚቴውን አባላት ማግኘት ያስቸግራል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝ።

ይኸው ዛሬ እሑድ ነው። ያለችኝ አንዲት ምስክር ፀሐይዋ ናት፤ እሷ ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እኔ ክፍል አትገባም... ነገ ከግቢው የምወጣው ቦርሳዬን ብቻ ይዤም ይሁን ዕቃዬን በካርቶን ታቅፌ፣ መጀመሪያ የምነግረው ለናንተ ነው።