እጇ የደረሰበት ቅጠል

ሰፈሩ «ድንቢጥ» ይላታል። ቁመቷ ከላቦራቶሪው ጠረጴዛ ብዙም አያልፍም፤ ሳቋ ግን የምርምር ጣቢያውን ግቢ ይሞላዋል። ሥራዋ ከፍራፍሬ ቅጠል ዘረመል አውጥታ የትኛው ዛፍ ከየትኛው እንደሚለይ ማየት ነው። ቀላል የሚመስለው ካለ መጥቶ አንድ ቀን ቅጠል ይውቀጥ!

በዚያ ሰሞን ምርመራዋ የግቢው ማንጎዎች በሙሉ አንድ ዓይነት ናቸው አለ። ዘረመሉ በመስመር መስመር በሚታይበት ጄል ላይ የወጡት መስመሮች ቁርጥ መንታ ናቸው። የጣቢያው አለቃ ጊዜ አላጠፋም።

«አንድ ዓይነት ከሆኑማ ሁለት ዛፍ ይበቃናል። ሌላው ተቆርጦ መኪና ማቆሚያ ይሁን።»

ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው! ዛፍ ማሳደግ ዕድሜ ይፈጃል፤ ለመጣል ግን አንድ ፊርማ ይበቃል። እሷ በእነዚያ ዛፎች መሀል ነው ያረጀችው።

እራት ላይ ለባሏ ለአናጢው ነገረችው።

«ባክሽ ተይኝ! የበሯ ማንጎ ማር ናት፣ የጓሮዋ ጥርስ ታጠርሳለች። እንዴት ነው አንድ የሚሆኑት?»

«ማሽን አይዋሽም።»

«ቅጠሉን ከየት ቀጠፍሽ?»

«ከዛፍ ነዋ! ከጣሪያ ልቅጠፍ?»

«መሰላል ይዘሽ?»

«የምን መሰላል? እጄ የደረሰበትን…»

ማንኪያዋ አየር ላይ ቀረ።

ማንጎዎቹ ሥሮቻቸውና የታች ግንዳቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ፍሬ የሚሰጠው ግን በየግንዱ ላይ ከሌላ ዛፍ ተቆርጦ የተጣበቀው የየራሳቸው ዝርያ ነው። ከመጋጠሚያው በታች የሚያቆጠቁጠው ቅጠል የግንዱ ነው። እሷ ደግሞ አጭር ላለመባል ብላ፣ መሰላል ሳትይዝ፣ ያንኑ ስትለቅም ከርማለች!

ባሏ በሳቅ ፈረሰ። «እሰይ፣ የኔ ረዥም!»

«ዝም በል አንተ! ነገ ከላይ እቀጥፋለሁ፤ መሰላሉን ትይዝልኛለህ።»

አዲሱ ውጤት በወጣበት ጠዋት ዛፍ ቆራጩ መጋዙን ተሸክሞ በር ላይ ደርሶ ነበር። ድንቢጥ የጄሉን ፎቶ ይዛ እየሮጠች አለቃው ፊት ዘረጋችው። መስመሮቹ እንደ ሰው መልክ ተለያይተዋል።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የግንዱን ቅጠል ነበር የመረመርኩት። ዛሬ ቢቆርጧቸው ግን ዳግመኛ የማያገኟቸውን ነው የሚቆርጡት።»

አለቃው ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ ራሱን አከከ። መቼም ለዚህ አመስግኑት አልልም፤ ከመፈረሙ በፊት ሊጠይቅ ይችል ነበር። ብቻ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ።

«አንተ! ተመለስ፣ ቀርቷል!»

«እንዴ! በባዶ እጄ?» አለ ቆራጩ።

የግቢው ሠራተኛ ሁሉ እየሳቀ ከየዛፉ ማንጎ ለቀመለት። ሰውየው መጋዙን ትከሻው ላይ፣ ማንጎውን እቅፉ ውስጥ አድርጎ፣ አንዱን በጥርሱ እየላጠ ወጣ። ድንቢጥ እልልታዋን አቀለጠችው።