ጋሽ ሽፈራውን እንዳይነዱ ልንለምን የሄድንበት ቀን

ባለፈው ሐሙስ ጧት የጋሽ ሽፈራው ባለቤት እትዬ ዘነቡ ደውለው «ብርሃኑ፣ ጋሽህ አረፉ» አሉኝ። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ስልኩን ዘጉት።  ጋሽ ሽፈራው በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ በተኙበት ነበር ያረፉት።

በሞንትቤሎ፣ በግሪን ቫሊ ራንችና በኦሮራ ያላችሁ፣ እሳቸውን የምታውቁ ሁሉ፣ አብዛኞቻችሁ ቀብራቸው ላይ ነበራችሁ። ይህን የምጽፈው ለቅሶ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ እያለ «እውነት ጋሽ ሽፈራው በመኪና ይሽቀዳደሙ ነበር?» ብሎ ስለጠየቀኝ ነው። አልተሽቀዳደሙም። የሆነውን ከእኔ ስሙት፤ እኔ እዚያው ነበርኩ።

ጋሽ ሽፈራው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሊሞ ሥራ ከዴንቨር ኤርፖርት ሰው ሲያመላልሱ ኖረዋል። ጥቁር ልብስ፣ ጥቁር ከረባት፣ ጥቁር የቅንጦት መኪና። መቀመጫዋ ቆዳ፣ መሪዋ እንጨት የተለበጠ ነበር። ከኋላ ወንበር የታሸገ ውሃ፣ ሶፍትና ከረሜላ ጠፍቶ አያውቅም። «ተሳፋሪው ፍሬን መያዜን ካወቀብኝ ሥራዬን አልሠራሁም ማለት ነው» ይሉ ነበር። እውነትም እሳቸው ሲነዱ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አላየሁም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ አንኮራፍቼ አፍሬያለሁ።

አዲስ ከአገር ቤት የመጣን ሁሉ መንዳት የተማርነው ከእሳቸው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ ያስተምሩናል፤ ብናጠፋ አይቆጡም፣ ብንፈራ አይስቁብንም። ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ ይኖሩ የነበሩ አንዲት ብቸኛ እናትን ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ያመላልሷቸው ነበር። ሴትየዋ ዘመዳቸው አልነበሩም። ሰው ሲያመሰግናቸው «በመንገዴ ነው» ይላሉ፤ ምን በመንገዳቸው! ከሞንትቤሎ ለሚነሳ ሰው ኮልፋክስ የማንም መንገድ አልነበረም።

የዛሬ አምስት ዓመት ጡረታ ሲወጡ ግን ሌላ ነገር ጀመሩ። ለመኪናዋ ጠንከር ያለ ሾክ አስገቡላት፣ የፍሬን ሸራውንና የፍሬን ዘይቱን ቀየሩ። አዲስ ጎማ ገዝተው በረዶና ፀሐይ እንዳይነካው ሳሎን ደረደሩት። እትዬ ዘነቡ አራት ሳምንት ሙሉ እንግዳ በጎማ መሃል እያሳለፉ አስተናገዱ። በኋላ ወሬው ተሰማ። ከኦሮራ በስተ ምሥራቅ፣ ሜዳው ላይ ያለው የመኪና መሮጫ ለማንኛውም ሰው ክፍት የሚሆንበት ቀን አለ፤ ጋሽ ሽፈራው እዚያ ተመዝግበዋል ተባለ።

አሁን ስለራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ልጄን ሊዲያን ይዤ በሁለት ሃያ አምስት ሃይዌይ ስሄድ በረዶ ላይ መኪናው ከእጄ አመለጠ። ሁለት ጊዜ ዞረን ከመንገዱ ግንብ ጋር ተላተምን። ማንም አልተጎዳም፤ እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲያ መሪ መያዝ አቃተኝ። ተሳፋሪ የማመላልስበትን የሻትል ሥራዬን ተውኩ። ሁለት አውቶቡስ እየቀያየርኩ መጋዘን ውስጥ መሥራት ጀመርኩ። ለሰው «አውቶቡስ ይሻላል፣ እንቅልፍ እተኛበታለሁ» እያልኩ እዋሻለሁ። አንድ ቀን ሊዲያ፣ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፣ «ዳዲ፣ ዋዝ ኢት ማይ ፎልት? ጥፋቱ የእኔ ነው? እየዘፈንኩ ስለነበር ነው?» አለችኝ። ለካ አደጋው ሲደርስ ከኋላ ሆና ትዘፍን ነበር። አይደለም አልኳት፤ ግን እንደማልነዳ ታያለች፣ ምን ብላ ትመነኝ? ከዚያ በኋላ የማንም መኪና ውስጥ አንድም ቀን አልዘፈነችም። የእኔ ፍርሃት ይሁን፤ የልጄ ዝምታ ነበር አንጀቴን የሚበላው።

እንግዲህ እትዬ ዘነቡ ባላቸውን ከመሮጫው እንዲያስቀሩላቸው ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹ አቶ ተካና እኔ ነበርን። አቶ ተካ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ጢማቸው ያማረ፣ ንግግራቸው የረጋ ሰው ናቸው። እኔ በአርባ ዓመቴ ሽማግሌ ተብዬ ስላክ ግራ ገባኝ፤ ግን በሽምግልና የተጠራ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? ሄድን። ቆመን ተናገርን። «በዚህ ዕድሜዎ ለእኛ ሲሉ ይተዉት» አሉ አቶ ተካ።

ጋሽ ሽፈራው አክብረው ሰሙንና «ያላያችሁትን ነገር እንዴት ትፈርዱበታላችሁ? ቅዳሜ አብራችሁኝ ኑ። አይታችሁ ተው ካላችሁኝ እተዋለሁ» አሉ። አቶ ተካ ፍርድ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ «ይሁን» አሉ። እትዬ ዘነቡም ዶሮውን፣ ቀዩንና አልጫውን በትሪ ጭነው ሰጡን፤ ልናስቆማቸው የምንሄድ ሳይሆን ሠርግ የምንሄድ እንመስል ነበር።

መሮጫው ሜዳ ስንደርስ ወጣት ፈረንጆች መኪኖቻቸውን ያስጓራሉ። ጋሽ ሽፈራው ረጋ ብለው መኪናዋን ባዶ አደረጉ፤ ውሃውን፣ ሶፍቱን፣ ከረሜላውን፣ ጃንጥላውን። መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለችውን የማርያም ሥዕል ስመው ደረት ኪሳቸው ከተቷት። እጀ ሙሉ ልብስ ልበሱ ስለተባለ የሊሞ ልብሳቸውን ከነከረባቱ ለብሰው መጥተዋል፤ በላዩ ላይ ሄልሜት አጠለቁበት። አቶ ተካ ወደ እኔ ዞረው «በስመ አብ» ብለው አማተቡ።

እዚያ አንድ ሕግ አለ። ከፊት ያለው ሰው እጁን በመስኮት አውጥቶ እለፍ ካላለህ መቅደም ክልክል ነው። በር ላይ ቆመን «እርስዎ ይግቡ፣ ኧረ እርስዎ» እየተባባልን አምስት ደቂቃ የምንፈጅ ሰዎች፣ ይህን ሕግ ሲሰጡን አስቡት። ጋሽ ሽፈራው ቀጥታው መንገድ ላይ በደረሱ ቁጥር ጥቁሩን እጅጌ ያወጣሉ፣ ሄልሜቱን ዝቅ አድርገው እጅ ይነሳሉ፣ መኪና ሁሉ ያልፋቸዋል። ያልጠየቀውንም ያሳልፉታል። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና ብቅ ስትል አቶ ተካ አጥሩን ይዘው ጮኹ።

«ኧረ ጋሽ ሽፈራው! ኧረ ይንኩት! ይቺን እንኳ አያሳልፏት!»

«አቶ ተካ፣ እኛ እኮ ልናስቆማቸው ነው የመጣነው» አልኳቸው።

«እሱስ ልክ ነህ፤ ግን እንዴት በዚህች ይቀደማሉ?» አሉኝ ተናደው።

ጋሽ ሽፈራው ላብ በላብ ሆነው ሲመለሱ ፊታቸው የሕፃን ፊት መስሏል። «ሃያ ሁለት ዓመት ፍሬን እንዳይሰማ ስይዝ ኖሬ፣ ዛሬ እስኪሰማ ያዝኩት!» አሉን። ያን ሳቃቸውን ባስታወስኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ሆዴም ይባባል።

ከምሳ በኋላ እጄን ይዘው ከመሮጫው ዳር ወዳለ ሰፊ አስፋልት ወሰዱኝ። ውሃ እያፈሰሱ ሆን ብለው መኪና የሚያንሸራትቱበት ቦታ ነው። «ግባ» አሉኝና የሾፌሩን በር ከፈቱ። ስሜ ቀድሞ መመዝገቡን ያወቅሁት ያኔ ነው። «ጋሽ ሽፈራው፣ አልችልም» አልኳቸው።  «አውቃለሁ፤ ለዚህ እኮ ነው ግንብ የሌለበት ቦታ ያመጣሁህ» አሉ። ገባሁ፤ እሳቸውም አጠገቤ ተቀምጠው ቀበቶ አሰሩ።

የመጀመሪያው ጊዜ ዞርን፤ መሃል ላይ የተተከለውን የፕላስቲክ ምልክት ገጭቼ ቆምኩ። በጆሮዬ ግን የዚያን ቀን የሊዲያን ጩኸት ነበር የምሰማው።

«የት ነበር የምታየው?» አሉኝ።

«ምልክቱን።»

«የምታየው ጋ ነው የምትሄደው፣ ብሬ። ያን ቀንም ግንቡን አይተህ ነው። መሄጃህን እይ፤ እጅህ ራሱ ይከተልሃል።»

ስንት ጊዜ እንደዞርን አልቆጠርኩም። እሳቸው በየመሃሉ «የት ነው የምታየው?» ብቻ ይላሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። ከዚያ አንዴ የመኪናዋ ቂጥ ሲከዳኝ ዓይኔን ከምልክቱ ነቅዬ ሩቅ ወደ ተራሮቹ በኩል ጣልኩት። መኪናዋ ተስተካክላ ቀጥ አለች። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ጋሽ ሽፈራውም ያላዩ መስለው ከረሜላ ፍለጋ ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ።

ወደ ቤት መኪናዋን የነዳሁት እኔ ነኝ። አቶ ተካ ከኋላ ትሪውን አቅፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ሽምግልናው የት እንደደረሰ ማንም አላነሳም። ሰኞ ሊዲያን በመኪናዬ ከትምህርት ቤት ወሰድኳት። ቀበቶዋን አስራ «ዳዲ፣ ካን አይ ሲንግ?» አለች። «ዝፈኚ» አልኳት። እስከ ቤት ድረስ ዘፈነች።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት እትዬ ዘነቡ ወደ ጓዳ ጠሩኝና ይህን ነገሩኝ። «ሽማግሌ ላኪ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ‹ብሬን ና መንዳት ላስተምርህ ብዬ ብጠራው ተሸማቆ ይቀርብኛል፤ ሽማግሌ ብታደርጊው ግን ይመጣል› አሉኝ። አደራ አትንገሪው ብለውኝ ነበር፤ አሁንማ ማን ይቆጣኛል?» አምስት ዓመት ሙሉ እኔ እሳቸውን ልለምን የሄድኩ መስሎኝ ስቀልድ ኖርኩ። ለካ የተለመንኩት እኔ ነበርኩ።

ጋሽ ሽፈራው፣ በቀብርዎ ዕለት ጥቁሯን መኪናዎን የነዳሁት እኔ ነኝ፤ እትዬ ዘነቡ አጠገቤ፣ ሊዲያ ከኋላ ነበሩ። ፍሬን ስይዝ አልተሰማቸውም። መቃብሩ ጋ ግን ይቅር ይበሉኝ፣ ያስተማሩኝን ረሳሁ፤ ጉድጓዱን ብቻ አየሁ። «የት ነው የምታየው?» ሲሉኝ ሰማሁ። ቀና አልኩ። ልጄ እትዬ ዘነቡን ደግፋ ቆማ ነበር። ወደ እነሱ ሄድኩ፤ እጄም ተከተለኝ፣ ያዝኳቸው።

ስንመለስ በሁለት ሃያ አምስት፣ በዚያ ግንብ አጠገብ አለፍን። እኔ ሩቁን እያየሁ ነበር። እትዬ ዘነቡ ትንሽ ቆይተው «ልጄ፣ እስኪ ቀስ ብለሽ ዝፈኚልን፤ እሳቸው ይወዱልሽ ነበር» አሏት። ደህና ይሁኑ፣ ጋሽዬ። ሊዲያ ዘፈነችልዎ፤ እትዬ ዘነቡም እንደ ተሳፋሪዎችዎ ሁሉ፣ መስታወቱን ተደግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው።