እንደ እንሰት የተዘራው ገብስ

ገብሱ ብቅ ባለ ሰሞን ነው ስጋት የገባኝ። ማሳው ዳር ቆሜ ሳይ፣ ከመስመር መስመር መሃል ያለው ባዶ አፈር ከቡቃያው ይበልጣል። ደግሜ እንዳልዘራ ጎተራው ውስጥ አንድ እፍኝ ዘር አልቀረም። ልጆቼ ዓመቱን የሚበሉት ደግሞ ይህንኑ ገብስ ነው።

የዘሩን መስመር ያወጣነው እኔና አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ነን። ባለቤቴ አዲስ አበባ ሱቁ ላይ ነው፤ የሚመጣው ለመስቀል ነው። የግብርና ሠራተኛዋ በመስመሮቹ መሃል አንድ ስንዝር ይበቃል ብላናለች። የመለኪያውን ገመድ ጫፍ የያዙት ግን አማቴ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተራርቆ የሚተከለውን እንሰት ሲተክሉ የኖሩ። "ተጠጋግቶ ያደገ ይከሳል" እያሉ ገመዱን ራቅ፣ አሁንም ራቅ። እሳቸውን ማን ደፍሮ ይናገራል?

ጎረቤቴ አጥሩን ተደግፋ፣ "አንቺ፣ በመሃሉ አህያሽን ልታሳልፊ ነው እንዴ?" አለችኝ። ሳቅኩላት። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

"ምነው ልጄ?" አሉኝ አማቴ።

"ምንም እማማ፣ ጭሱ ነው።"

"እሳቱ መች ነደደና!"

በነጋታው ማሳው ስደርስ ቀድመውኝ ቁጭ ብለው አረም ይነቅላሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ባዶውን መሬት አረም እንዳይወርሰው አብረን ስንነቅል፣ ፍግ ስናለብስ ከረምን።

በማሳው እኩሌታ የዘራሁት ከግብርና ቢሮ የመጣውን አዲስ የገብስ ዘር ነው፤ በቀረው እኩሌታ የቆየውን የራሳችንን ገብስ። ነሐሴ ላይ የራሳችን ከአንዱ ሥር ቡቃያ በቡቃያ ላይ እየጨመረ መሃሉን ዘጋው። አዲሱ ግን እዚያው እንደበቀለ፣ ቀጥ ብሎ ቀረ።

"ያ አዲሱ ገብስ፣ ጎረቤት ካልተጠጋው አይሆንለትም" አሉ አማቴ። "የኛው ቤቱን በልጅ ይሞላል።"

"ገመዱን ግን አስፍተውታል፣ እማማ።"

"አስፍቻለሁ። እጄ እንሰት ነዋ የለመደው።" ጭቃ በነካው እጃቸው ጉንጬን ዳሰስ አደረጉኝ። "ለከርሞ አዲሱን አንቺ ለኪው።"

ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም። ዛላው ፍሬ እስኪይዝ፣ በረዶ እንዳይመታው ደመና ባየሁ ቁጥር እየደነገጥኩ ነው የቆየሁት።

ኅዳር ላይ አጨድን። የአዲሱ ነዶ ቀላል ነበር። የራሳችንን ግን ተሸክሜ ወገቤ ጎበጠ። ወቅተን፣ አበጥረን፣ ከሁሉ በፊት የዘሩን ለይተን አስቀመጥን። የቀረውን አማቴ በእጃቸው ጎተራው ውስጥ እየደለደሉ፣ "እዪው እንጂ!" አሉኝ።

አየሁት። ልጆቼ የሚበሉት አለ፤ ዘርም አለን። ተርፈናል።