ሎተሪ የደረሰው ባለባትሪ

በዚያ ሲኒማ ቤት ሁሉም «ባለባትሪው» ይሉታል። ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ዩኒፎርሙን ለማንም ሳይሰጥ ራሱ የሚተኩስ ሰው ነው። ሥራው በር ላይ ትኬት መቁረጥና ዘግይተው የሚመጡትን በእጅ ባትሪ እየመራ ወንበራቸው ላይ ማድረስ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሕግ አለው። ብርሃን ወደ ሰው ፊት አይበራም። ማን ከማን ጋር እንደመጣ ማየት የባለባትሪ ጉዳይ አይደለም። ብርሃኑ መሬት መሬቱን እየሄደ እግር ላይ ብቻ ያርፋል። ስለዚህ ደንበኞቹን የሚያውቃቸው በጫማቸው ነው። የባንኩ ጥበቃ በከስክሱ ይታወቃል፤ ሁልጊዜ ተኮራርፈው የሚገቡት ባልና ሚስት ደግሞ በመሐላቸው በሚተዉት ክፍተት።

ፊልም አይመርጥም፤ ያመጡትን ያሳያል። አንድ ዓይነት ብቻ አይወድም፤ ሎተሪ ስለደረሰው ሰው የሚሠራውን አስቂኝ ፊልም። እንዲህ ያለው ደግሞ በዓመት አንዴ ሳይመጣ አይቀርም፣ አዳራሹም ጢም ብሎ ይሞላል። ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል። ድሃው ሰውዬ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ያነብና ከነወንበሩ ይገለበጣል። በማግስቱ ከየት መጣ የማይባል ዘመድ በሩን ይደበድባል፤ አንዱ ኬክ ተሸክሞ፣ ሌላው «በልጅነትህ አዝዬሃለሁ» እያለ። ሚስትየዋ ጥላ የሚያህል ባርኔጣ ትገዛለች። መጨረሻ ላይ ገንዘቡ ድራሹ ይጠፋና ሁሉም ተቃቅፈው ይስቃሉ። ሕዝቡ ወንበር እየደበደበ ሲንከተከት ባለባትሪው በሩ አጠገብ ቆሞ «ወይ አለማወቅ!» ይላል በሆዱ።

እሱ ያውቃላ። ደርሶታል።

ቀልድ አይደለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ሌላ ሲኒማ ቤት ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ የእውነት ደረሰው። አንደኛው ዕጣ እንኳ አልነበረም፤ ግን ለአንድ ባለባትሪ ራስ የሚያዞር ነው። ታዲያ ዘመድ በሩን ደበደበ ወይ? አንድም ሰው ድርሽ አላለም። እንዲያውም ይመጣ የነበረው አንዱ ሰው ቀረ።

ያ ሰው እህቱ ናት። ታላቁ ናት፤ ልብስ ሰፊ። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት፣ እሷ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። በስፌት አሳደገችው። እሱ ራሱን ችሎ ቤት ከተከራየም በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት መምጣቷን አልተወችም። ገና ሳትቀመጥ ቁልፍ የጎደለውን ሸሚዝ አውርዳ ትተክላለች፣ «ይሄ ነው ታጠበ የሚባለው?» ብላ አንሶላውን ከአልጋው ላይ ትገፍፋለች፤ ከዚያ ሁለቱም ከየኪሳቸው አዋጥተው አንድ የሎተሪ ትኬት ይገዛሉ። ሃያ ዓመት ገደማ እንዲህ ቆዩ፤ አንድም ቀን አልደረሳቸውም። ደስታው ግን ደርሷቸዋል። ቢደርሰን ምን እናደርጋለን እያሉ ሲጨቃጨቁ ይመሻል። እሷ ቤት ትሠራለች፣ እሱ ይቀባዋል፣ በቀለሙ ይጣላሉ።

አንድ ቅዳሜ እህትየው ሰለቻት። «በቃኝ፤ የዚህን ወር ብቻህን ግዛ» አለች። ገዛ። ደረሰው።

እንግዲህ ይሄ የትኛውም ፊልም ላይ የለም። ወንድም ሆዬ እየበረረ ሄዶ «ግማሹ ያንቺ ነው» ይላታል፤ እሷ «ያልገዛሁት ትኬት እንዴት ብሎ የኔ ይሆናል?» ትላለች። ለመናት፤ እንቢ አለች። ደግሞ ለመናት፤ ተቆጣች። ይሄኔ ቢተዋት ምን ነበረበት! ፊት ለፊት ስለሆነ ነው የምታፍረው ብሎ ግማሹን ቼክ አጽፎ፣ በፖስታ አሽጎ፣ በታክሲ ሹፌር ላከላት። እሱ ትሕትና መስሎታል። እሷ ደግሞ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ስትሰፋ የማታውቀው ሰው በሯን አንኳኩቶ «ከወንድምሽ ነው» ሲላት፣ እንደ ለማኝ በር ላይ የተመጸወተች መሰላት። ፖስታው ሳይከፈት በዚያው ታክሲ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ አልመጣችም። «ገንዘብ ሲያገኝ እግር አበዛች ከሚሉኝ እግሬ ይቆረጥ» ማለቷን ከጎረቤቷ ሰማ። ሁለት ጊዜ ሄደባት። በሩን ከፈተችለት፣ ንጹሑ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ ስለ ጤናው ጠየቀችው። እንደ እንግዳ! ሸሚዙ ላይ ቁልፍ መጉደሉን አየች፤ ማየቷን እሱም አየ። መርፌ ግን አላነሳችም። በዚህ ቅስሙ ተሰበረና ሦስተኛ አልሄደም።

ገንዘቡማ ሄደ። ሥራውን ለቆ የጭነት መኪና ገዛበት፤ ይሄን እህቱም ሰምታለች። መኪናው ግን ከመንገድ ይልቅ ጋራዥ የሚወድ ዓይነት ሆነ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሰውዬው ወደ ባትሪው ተመለሰ። የቀድሞው ሲኒማ ቤት እንዳይገባ፣ ሲለቅ ሁሉንም በኩራት ዞሮ ተሰናብቷል፤ በምን ዓይኑ ይመለስ? ከከተማው ማዶ፣ ማንም የማያውቀው ሲኒማ ቤት ተቀጠረ፣ መኖሪያውንም እዚያው አቅራቢያ አደረገ። ለእህቱ አልነገራትም። ምን ብሎ ይንገራት? ግማሹን አልፈልግም ያልሽውን ገንዘብ ሙሉውን ውሃ በላው ይበላት? ልጅ ሳለ የሰበረውን ብርጭቆ አልጋ ሥር ይደብቅባት ነበር፤ አሁን ደግሞ ድህነቱን ደበቀባት።

ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ናፈቀችው፤ ሌላ አገላለጽ የለውም። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ሳያስበው በሩን ያያል።

ባለፈው ረቡዕ የከሰዓቱ ትርኢት ላይ ያው የማይወደው ፊልም መጥቶ ነበር፤ የዘንድሮው ባለዕድል ፀጉር አስተካካይ ነው። ከተጀመረ አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ በሩ ተከፈተና አንድ ዘግይቶ የመጣ ሰው ገባ። ባለባትሪው ትኬቱን ተቀብሎ ለሁለት ቀደደ፣ ግማሹን መለሰ፣ ብርሃኑን መሬት ላይ ጣለ።

ጥቁር የሴት ጫማ። የቀኙ ጣቶቹ ላይ ተሸብሽቦ ሊሰነጠቅ ደርሷል፤ የግራው ግን ገና አዲስ ይመስላል። እንዲህ የሚያረጀው የስፌት መኪና በአንድ እግሩ የሚረግጥ ሰው ጫማ ነው። ካልሲው ላይ አንድ ቀይ ክር ተለጥፏል።

ብርሃኑ ጫማው ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ኧረ ደረጃውን አሳየኝ፤ ልትጥለኝ ነው እንዴ?» አለች ሴትየዋ።

ድምጿ ነው። ባትሪ የያዘ ሰው ራሱ አይታይም፤ ከብርሃኑ በስተጀርባ ጨለማ ነው። ቢተነፍስ ግን ታውቀዋለች። ቃል ሳይተነፍስ መርቶ ጫፍ ላይ ያለ ወንበር አስያዛትና በሩ ጋ ተመልሶ ቆመ።

ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ይበራል። መብራት ሲበራ ባለ መኪናው ወንድሟ ትኬት ሲቆርጥ ታየዋለች። ወይ ከዚያ በፊት የፊልሙ ማሽን ክፍል ገብቶ መደበቅ፣ ወይ ቆሞ መታየት ነው። ቢደበቅ ስድስቱ ዓመት ሰባት ይሆናል፤ እህቱ ደግሞ ወደ ሰባ እየተጠጋች ነው።

ዘመዶቹ በሩን የሚደበድቡበት ቦታ ደረሰ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ባለባትሪው ወደ ጫፉ ወንበር አየ። ከፊልሙ መጋረጃ በሚመለሰው ብርሃን ፊቷ ወለል ብሎ ይታያል። አትስቅም። ወደፊት ዘንበል ብላ፣ አዲስ ዓይነት ስፌት እንደምታጠና ሁሉ ትኩር ብላ ታያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንጀቱን በላችው። ማሽን ክፍሉን ረሳው።

መብራቱ በራ። ሕዝቡ የፊልሙን ቀልድ እየደገመ ወጣ። እሱ ባትሪውን ማጥፋት እንኳ ዘንግቶ በሩ ላይ ቆሟል። እህቱ ከሰው ሁሉ ኋላ መጣችና ስታየው ቀጥ አለች። ከኮሌታው እስከ ጫማው፣ ከጫማው እስከ ኮሌታው ለካችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ዩኒፎርም ነው፣ እትዬ።»

«ዩኒፎርም መሆኑን መች አጣሁት! ገንዘቡስ? መኪናውስ?»

«አለቀ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«መቼ?»

«ስድስት ዓመት ሆነው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ወይ ትስቅብኛለች ወይ ታለቅስልኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን የትኬቷን ግማሽ በጣቶቿ ስታፍተለትል ቆይታ ቱግ አለች።

«ስድስት ዓመት! ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ፣ አንተ ልጅ? እኔ እኮ እስኪያልቅ ነው የምጠብቀው!»

የሃምሳ ስምንት ዓመቱ ልጅ ሳያጠፋው የቆየውን ባትሪ ገና አሁን አጠፋ።

«አፈርኩ፣ እትዬ። ምን ብዬ ልምጣ?»

«እኔስ? ይሄ የሎተሪ ፊልም በመጣ ቁጥር ካለበት ድረስ እየሄድኩ የማየው ሳቅ አምሮኝ ይመስልሃል? ዘመዶቹ ገንዘብ ያለው ሰው ቤት እንዴት አድርገው እንደሚገቡ ልማር ብዬ ነው። ይገባሉ! ዝም ብለው አንኳኩተው ይገባሉ። እኔን ምን ያዘኝ?» ድምጿ ተሰበረ።

የሱም ዓይን በእንባ ግጥም አለ። ለሚቀጥለው ትርኢት የመጡት በሩ ላይ ተሰልፈው ያጉረመርማሉ፤ ባለባትሪው አልሰማቸውም። እህቱ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና የዩኒፎርሙን ደረት ያዘች። ሁለተኛው ቁልፍ በነጭ ክር ጥቁር ጨርቅ ላይ ተተክሏል።

«ይሄን ማነው የተከለው?»

«ራሴ።»

«ያስታውቃል። ቤትህን ንገረኝ፤ ቅዳሜ እመጣለሁ። ሸሚዞችህን ሁሉ አውጥተህ ጠብቀኝ።» ሁለት እርምጃ ሄደችና ዞር አለች። አሁንም ቁጣዋ አልበረደም። «ሎተሪ የሚባል ነገር ግን እንዳትገዛ! ቢደርስህ ሌላ ዘጠኝ ዓመት የለኝም።»