አየለች ያልጨረሰችው ሃያ ሜትር

ባለፈው ሐምሌ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አንድ አሳ ቤት ተቀምጬ ምሳ እበላ ነበር። ሰማዩ ደመና አዝሎ አልዘንብም ብሏል፤ ሙቀቱ ልብስን ከጀርባ ያጣብቃል። ጥግ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን፣ ኳስ እስኪጀምር ድረስ፣ አንድ ዓለም አቀፍ የዋና ሻምፒዮና ያሳያል። ስምንት ሴቶች ውሃ ውስጥ ገብተው፣ የመነሻውን እጀታ ጨብጠው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። የሴቶች የጀርባ ዋና ነበር። የጠቀለልኩትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለስኩት።

«አሳው አልጣመዎትም እንዴ፣ እትዬ?» አለችኝ አስተናጋጇ።

«አሳውስ ጥሩ ነው። ቴሌቪዥኑን ቀይሪልኝ። ሰው በጀርባው ሲዋኝ ማየት አልወድም።»

«ሁለት ሐይቅ መሀል እየኖሩ!» ብላ ሳቀች። ቀየረችልኝም።

አልፈረድኩባትም። ያ ነገር ሲሆን እሷ ገና አልተወለደችም።

አባቴ ከጎንደር ተዛውሮ አርባ ምንጭ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። እኔ ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ነው ያደግኩት። ዋና የለመድኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ የስፖርት መምህራችን ጋሽ ታደሰ ከምንጩ ውሃ በሚሞላ አንድ አሮጌ ገንዳ ውስጥ ተማሪዎችን ማሠልጠን ሲጀምር ነው። አየለች ግን ወደ ገንዳው የመጣችው ዋና ችላ ነው። የላንቴ ገበሬ ልጅ ነበረች። በሙዝ ማሳው መሀል በሚያልፈው የመስኖ ቦይ ውስጥ፣ ውሃው እየወሰዳት በጀርባዋ ተንሳፍፋ ቅጠሉን ከሥር እያየች ነው ያደገችው። ጋሽ ታደሰ መጀመሪያ ያያት ቀን ሰዓቱን መያዝ ረስቶ ቆመ። እኔ በጀርባ ዋና ከመላው ቡድን ሁለተኛ ነበርኩ። ሁለተኛነቴን በሚገባ ነበር የማውቀው፤ ስዋኝ የማየው ሰማዩን ቢሆንም፣ የሷ እግር የሚረጨው ውሃ ሁልጊዜ ከፊቴ ይሰማኝ ነበር።

ጓደኛሞች ሆንን። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ላንቴ ወርደን ቤታቸው እንውላለን። መንገዱ ዳር የሙዝ ዘለላ ተደርድሮ፣ ማንጎው በቅርጫት ሞልቶ፣ መኪና በቆመ ቁጥር ሻጮቹ ወደ መስኮት ይሮጣሉ። እናቷ እማማ አስካለ በሀለኮ፣ ሽፈራው በሚሉት ቅጠል፣ የተሠራ የበቆሎ ምግብ ያቀርቡልናል። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም ነበር፤ እኔንም አንተ ነበር የሚሉኝ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ የቤት ልጅ የሆንኩ ይመስለኛል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነን ጋሽ ታደሰ ወሬውን ይዞልን መጣ። ከኢትዮጵያ ጥቂት ዋናተኞች ወደ ውጭ አገር ሻምፒዮና ሊሄዱ ነው፤ ከእኛ ገንዳ ሁለታችን ተመርጠናል። እኔ በነፃ ዋና፣ አየለች በመቶ ሜትር ጀርባ። «አየለች አንድ ነገር ብትሆን በጀርባውም ሰብለ ትተካለች» አለ። ይህን ሲል ሁላችንም አንድ ላይ ሳቅን።

ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። የበልጉ ዝናብ የጋሞን ተራሮች ጋርዶ ወደ ከተማው እየወረደ ነበር፤ ጋሽ ታደሰ ቁልፍ ሊያመጣ ሄዷል። እኔ ገንዳው ጫፍ ተቀምጬ እግሬን አሻለሁ። ስትዋኝ የነበረችው አየለች ገንዳው መሀል ላይ መንቀሳቀሷን አቆመች። በጀርባዋ እንደተኛች እጇን ዘርግታ፣ ዓይኗ ክፍት ሆኖ ሰማዩን ታያለች። ያረፈች መስሎኝ እግሬን ማሸቴን ቀጠልኩ። ዝናቡ ፊቷ ላይ መውረድ ጀመረ፤ ዓይኗን ግን አላርገበገበችም። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ገብቼ ጎትቼ አወጣኋት።

ጥቂት ቆይታ «ተኛሁ እንዴ?» አለችኝ። ጥፍሯ ስር ሰማያዊ ነበር።

«ራስሽን ስተሽ ነበር። ለጋሽ ታደሰ እንነግረዋለን።»

እጄን ያዘችኝ። «በእናትሽ፣ ሰብለ። ያስቀሩኛል። ከዚህ በፊትም ነክቶኝ ያውቃል፣ ያልፋል። በእናትሽ!»

ማልኩላት።

ሁለተኛው ጊዜ በመሬት ላይ ነው። ሙዝ ተሸክመን ከማሳው ወደ መንገዱ ስንወጣ ኋላዬ አንድ ነገር ወደቀ። ዞር ስል ሙዙ ተበትኖ እሷ ተቀምጣለች፣ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ይዘላል» አለች፣ «እንደ እንቁራሪት ይዘላል።» ከዚያ ተነስታ ሙዙን ለቀመች። የሕክምና ምርመራ ቀን ሐኪሙ ለብዙ ሰው ነበር የሚፈርመው፤ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አስነክቶ ማኅተሙን መታ። ውጭ ቆሜ እየጠበቅኩ፣ ሐኪሙ ሕመሟን ባገኘው ብዬ ጸለይኩ። ባያገኘውስ ብዬም ጸልዬ ይሆናል፤ አላስታውስም።

የመነሻችን ቀን እማማ አስካለ እስከ አውቶቡሱ ሸኙን። ጉንጬን ስመው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄን አደራ። እሷ በጀርባ ሲሄድ እኔ አልወድም። ሰው ውሃ ላይ በጀርባው የሚተኛው ሲሞት ነው። አንተ አጠገቧ ሁን።»

እሺ አልኳቸው። አውቶቡሱ ወደ ሶዶ ሲያቀና አየለች መስኮቱ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ስቆጥር ነበር።

የሄድንባት አገር የባሕር ዳር አገር ናት። የአዳራሹ መዋኛ ከኛ ገንዳ ሁለት እጥፍ ይረዝማል፤ ውሃው ከሥሩ መብራት አለው። አየለች ስታየው ልጅ ሆነች። በገመድ የተንጠለጠሉትን ትንንሽ ባንዲራዎች እያሳየች «ግድግዳው ሲደርስ ይነግሩሻል ማለት ነው፣ ማንም መጮህ የለበትም!» ትላለች። ውድድሯ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነበር። ቁርስ ላይ እንቁላሉን አልነካችውም። ሻይ ስታነሳ ብርጭቆው ከሳህኑ ጋር ተንቀጫቀጨ። ከንፈሯን አየሁት፤ ሰማያዊ ሆኗል።

«አየለች፣ ዛሬ እናገራለሁ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ቦታዬን ፈለግሽው?»

ያቺን አንድ ጥያቄ መመለስ አቃተኝ። አልፈለግኩም ብል ውሸት ነው፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ፈልጌው አውቃለሁ። ፈለግኩ ብልም ውሸት ነው። እሷም ዝምታዬን እንደ መሐላ ቆጥራው፣ ፎጣዋን አንጠልጥላ ሄደች።

ጀርባ ዋና የሚጀመረው ከውሃው ውስጥ ነው። ሌሎቹ ከላይ ይዘላሉ፤ እነዚህ ግን ቀድመው ይገቡና ጀርባቸውን ለሚሄዱበት ሰጥተው ይጠብቃሉ። አየለች ስትገባ ከላይ ከመቀመጫው አየኋት። ውሃው ውስጥ ቆማ ከመነሻው እጀታ ጋር ግንባሯን አስደገፈች። ይህን አድርጋ አታውቅም። ተነስቼ በሰው ጉልበት ላይ እየተረማመድኩ ጋሽ ታደሰ ዘንድ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ አስቁማት! ራሷን ትስታለች፣ ሁለት ጊዜ ስታለች!»

«ምን አልሽ?»

ስደግምለት የመነሻው ድምፅ ጮኸ።

መሄጃውን ጥሩ ዋኘች። ስድስተኛ ነበረች፣ ምናልባት አምስተኛ። ጋሽ ታደሰ የብረት መደገፊያውን ይዞ «ደህና ናት፣ ደህና ናት» ይላል፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። ዞረች። ስትመለስ አንድ እጇ ከውሃው ወጥቶ አየር ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ወደ ጎን ወደቀ። ሌሎቹ እየነኩ ጨረሱ፤ አዳራሹ ለአሸናፊዋ አበደ። ከዚያ ሰዉ መሀል ላይ የቀረችውን አንዲት ልጅ አየ። ከደሃ አገር የመጣች፣ የደከማት ልጅ ናት ብለው አሰቡ። ማጨብጨብ ጀመሩ። አይዞሽ ለማለት ነው፤ ከልባቸው ነው፤ በእኩል ምት፣ ቀስ እያሉ፣ ሁሉም ቆመው። አየለች በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያውን ታያለች። ጭብጨባው በበረታ ቁጥር እሷ ዝቅ ትላለች።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ከነቱታዬ ነው የዘለልኩት። ስደርስባት ፊቷ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር። ብብቷን ይዤ ወደ ላይ ስገፋት ጭብጨባው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ከጭብጨባው የባሰ ነበር። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ተቀበሉኝና እርጥቡ ወለል ላይ አስተኝተው ደረቷን መጫን ጀመሩ። ጋሽ ታደሰ ጫማውን በእጁ ይዞ ቆሟል፤ ለምን እንዳወለቀው እስካሁን አይገባኝም።

ተነፈሰች።

በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮ ሕመም የልቧን በር ጎድቶት ኖሯል። እዚያው ሆስፒታል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መናገር የቻለች ቀን፣ የጠየቀችኝ ይህን ነው፦

«ስንት ቀርቶኝ ነበር?»

«ሃያ ሜትር።»

«ሃያ ብቻ?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዳግመኛ አልዋኘችም። በኋላ ልቧን ታከመች፣ አገባች፣ ሁለት ልጆች ወለደች፤ ዛሬም ላንቴ ናት፣ መድኃኒቷን በየቀኑ ትውጣለች። ጋሽ ታደሰ የነገርኩትን ለማንም ሳይተነፍስ አረፈ። በየዓመቱ ለመስቀል እማማ አስካለ ያስጠሩኛል። ቆጮው በቅቤ ርሶ፣ ሥጋው ተቆርጦ ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ያጎርሱኛል። ለእንግዳው ሁሉ «ልጄን ከሞት ያወጣ ይሄ ነው» ይላሉ። ከዚያ እጄን ይዘው ይመርቁኛል። አየለች ከማዶ ታየኛለች። ብዙ ዓመት ጎረስኩ። ብዙ ዓመት አሜን አልኩ።

ለጓደኝነት ስል ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ኖሬአለሁ። እውነቱን ለማወቅ ግን ማርጀት ነበረብኝ። ያኔ የፈራሁት የእሷን ሞት ብቻ አልነበረም፤ ሰው «ቦታዋን ፈልጋ ነው» እንዳይለኝም ፈራሁ። በእሷ ሕይወት የጠበቅኩት የራሴን ስም ነበር።

ዘንድሮ ለመስቀል ስሄድ እማማ አስካለ ከአልጋ አይነሱም ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሊመርቁኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ያዝኩትና «እማማ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርዎ» አልኩ። አየለች ከበሩ «ሰብለ፣ ተዪው» አለችኝ። አልተውኩትም። ገንዳውንም፣ የተበተነውን ሙዝም፣ የቁርሱንም ጠረጴዛ ነገርኳቸው።

እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ ልጃቸውን በጋሞኛ አንድ ነገር ጠየቋት፤ አየለች አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች። እማማ እጃቸውን ከእጄ ቀስ ብለው አወጡና ብርድ ልብሱ ስር አስገቡት። አየለች እስከ መንገዱ ሸኘችኝ፤ ሚኒባሱ እስኪመጣ ትከሻዬን ይዛ ቆመች።

ቀለለኝ ብል ውሸት ይሆናል። ያን ቀን ማታ ራቴን አልበላሁም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር የእማማን መርዶ የሰማሁ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። ምናልባት ተቀይመውኝ ይሞቱ ይሆናል። ይህ እንዳይሆን እፈራለሁ። ነገር ግን አንድ ቀን አስጠርተው ያን እጃቸውን መልሰው ቢዘረጉልኝ፣ ምርቃቱ ለእኔ፣ ለሰብለ፣ ይሆናል። እስከዛሬ የተመረቀችው ሌላ ሴት ነበረች።