በሁለት እጅ የተሰጠች ኳስ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅርጫት ኳስ የሚዳኝ ሰው ሁለት ዓይነት ዓይን ያስፈልገዋል፤ አንዱ ለተራ ተጫዋች፣ አንዱ ለኮከብ። እኔ ሁለቱም ነበሩኝ። የስፖርት መምህር ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ዳኛ እሆናለሁ። በከተማችን አንድ ረጅም የላቦራቶሪ ባለሙያ አለ፤ ሕዝቡ ሜዳ የሚመጣው እሱን ሊያይ ነው። ይህ ሰው ኳስ ይዞ አራት እርምጃ ሲራመድ እኔ ደመናውን አያለሁ። ተከላካዩን በክርኑ ሲደቁሰው የጫማዬን ክር አስራለሁ። ሲቆጣ ደግሞ "አይዞህ፣ አይቼዋለሁ" እለዋለሁ፤ ምን እንዳየሁ እኔም አላውቅም። ተራው ተጫዋች እጁን ካወናጨፈብኝ ግን ወዲያው ቴክኒካል ፋውል ነው። ሥነ ሥርዓት ማስከበር እወዳለሁ፣ በተለይ ምንም በማያመጣብኝ ሰው ላይ።

ቴክኒካል ፋውል ማለት ማንንም ሳይነኩ የሚቀጡበት ጥፋት ነው። ለአፍ፣ ለፊት፣ ለአኳኋን ይሰጣል። ሁለት ያገኘ ተጫዋች ከሜዳ ይባረራል። መለኪያ የለውም፤ ዳኛው ተናቅሁ ካለ ተንቋል።

የእኔ ጣጣ የሴቶቹ ኮከብ ታናሽ እህቴ መሆኗ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣት እያደረቀ፣ ሲሚንቶው ሜዳ ላይ ትለማመዳለች፤ እኔ ከቅርጫቱ ሥር ቆሜ ኳስ አነሳላታለሁ። ወደ እኔ ስትወረውር በአንድ እጇ ነው፤ "ያዝ" ትልና ደረቴን ታቃጥለዋለች። ከዚያ የሚበልጥ ወንድምና እህትነት አላውቅም።

ያን ዓመት የዞናችን የሴቶች ቡድን ለክልሉ ውድድር ባሕር ዳር ሊሄድ ነበር። አሥራ ሁለት ልጆች ይመረጣሉ፤ በመጨረሻው ጨዋታ ላይ ሦስት መራጮች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስም ይጽፋሉ። ባሕር ዳር ላይ የክለብ አሰልጣኞች ስለሚገኙ እህቴ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። "ዘንድሮ ካልሆነ መቼ ነው?" ትል ነበር።

ጨዋታውን እንዲዳኝ የተመደበው ሰው ሉማሜ ለቅሶ ሄደና ፊሽካው እኔ ላይ ወደቀ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ እኔ ከሌለሁ ጨዋታው የሚፈርስ ይመስለኝ ነበር። እናታችን ገና ከቤት ሳልወጣ ሰው እንዳይታዘበን አደራ አለችኝ። እኔም በተራዬ እህቴን ሜዳ ላይ "ጋሼ" ብላ እንዳትጠራኝ አስጠነቀቅኋት። እሺ፣ እንደ ማንኛውም ዳኛ አከብርሃለሁ አለችኝ። ያኔ ነገሩን አላጤንኩትም።

ጨዋታው እንደተጀመረ አንዷ ልጅ የእህቴን ክንድ በጥፊ መታችው። ነፋሁ። አጥሩ ላይ የተቀመጠ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ "እንግዲህ ዳኛው ዘመድ ነው፣ ምን ይደረጋል" አለ። ሜዳው ዙሪያ ያለው ሰው ሳቀ። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችኝ። ይሉኝታ ከእግር ጥፍሬ ጀምሮ ወረረኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እህቴ ስትመታ ደመናውን አየሁ፤ እህቴ ስትተነፍስ ነፋሁ። ኳስ ይዛ ተራምዳለች ብዬ ሦስት ጊዜ ቀጣኋት፤ አንዱን ጊዜ ቆማ ነበር። በነፋሁ ቁጥር ወደ ባጃጁ ሹፌር አያለሁ። እሱ ቆሎውን ይቆረጥማል።

በሦስተኛው ሩብ አንዲት ልጅ በራሷ እግር ተጠልፋ ወደቀች፤ እኔ ጥፋቱን ለእህቴ ሰጠሁ። "ማርያምን አልነካኋትም" አለች። ይህን ያህል ብቻ ነው ያለችው። እኔ ግን አሰብኩት፦ ይቺ ልጅ በሕዝብ ፊት ውሸታም ነህ ማለቷ ሳያንስ ማርያምን ምስክር ጠራችብኝ። ሁለት መዳፌን ገጥሜ "ቲ" ሠራሁ። የመጀመሪያው ቴክኒካል ፋውል።

ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የእህቴ ቡድን በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር። ኳስ ከመስመር ወጣ። ያወጣችው ተቃራኒዋ እንደሆነች ባጃጅ ሹፌሩም አይቷል፤ እኔ ግን እህቴ ናት አልኩ። ኳሱ ወደ ተንከባለለበት ሄዳ አነሳችው፣ ቀስ ብላ መጣች፣ ፊቴ ቆመች። ከዚያ ከወገቧ ዝቅ አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፣ ኳሱን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ "ይቀበሉኝ" አለች። ለንስሐ አባታችን ውኃ ስታቀርብ እንኳ እንደዚያ ዝቅ ስትል አይቻት አላውቅም።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሩ ቆሎው ትን አለው። እኔም ነፋሁና መዳፎቼን ገጠምኩ። ሁለተኛው። እህቴ ማልያዋን ከቁምጣዋ አውጥታ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ ከሜዳ ወጣች። መራጮቹ ወዲያው የሆነ ነገር ሲሰርዙ አየሁ።

እናታችን ጨዋታ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ጨዋታው እንዳለቀ መጥታ ልጄ ምን አጥፍታ ነው ያባረርካት አለችኝ።

"አክብራኝ" አልኩ፤ ሌላ ቃል አጣሁ።

"እና ብትሰድብህ ኖሮ ምን ልታደርጋት ነበር?"

የባሰው ደግሞ ቅጹ ላይ መጣ። ተጫዋች ሲባረር ምክንያቱን ጽፈን ሁለታችንም ዳኞች መፈረም አለብን። አብሮኝ የዳኘው ሰው ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ናቸው፤ ከሁላችንም የተሻሉ ዳኛ። "በዳኛ ላይ በማላገጥ" ብዬ ጻፍኩ። ምን ብላ እንዳላገጠች ጠየቁኝ። ይቀበሉኝ ብላ አልኩ። ምን አድርጋ አሉኝ። ኳሱን በሁለት እጇ ሰጥታኝ አልኩ። እስክሪብቶውን አስቀመጡት።

"እኔ ልጆቼን ለሰው ዕቃ ሲሰጡ በሁለት እጅ ነው ብዬ ነው ያሳደግኋቸው" አሉ። "ይኸን አልፈርምም።"

ቅጹ በእኔ ፊርማ ብቻ ሄደ። ሰኞ ዕለት ዝርዝሩ ተለጠፈ፤ ስሟ የለም፣ በሥነ ምግባር።

ከዚያ ቅጣቴ ቤት ውስጥ ጀመረ። እህቴ አላኮረፈችኝም፣ አልጮኸችብኝም። አከበረችኝ። ጨው አቀብዪኝ ስላት ተነስታ፣ ዝቅ ብላ፣ ጨዉን በሁለት እጇ፣ "ይቀበሉኝ"። የቴሌቪዥን ሪሞት፣ "ይቀበሉኝ"። የስልኬ ቻርጀር፣ "ይቀበሉኝ"። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት ይላል፤ እናቴ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች፣ እኔ እጄን ከገበታው አነሳለሁ። ጠዋት ጠዋት ለብቻዋ ሄዳ ትለማመዳለች፣ የሳተችውን ኳስ ራሷ እየሮጠች ታነሳለች። መስኮት ላይ ሆኜ ስሰማት ደረቴን የሚያቃጥለው ሰው ናፈቀኝ።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ የላቦራቶሪው ባለሙያ ሲጫወት ዳኘሁ። አንድ ጊዜ ደፍሬ ብነፋበት ኳሱን መሬት ላይ አላትሞ፣ "ነገ ና ዓይንህን ልመርምርልህ" አለኝ፣ ሕዝብ እየሰማ። ሳቅኩ። እጆቼ "ቲ" ለመሥራት አልተነሱም፤ እንዲያውም ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረግሁት። ቀና ስል እህቴ ከተመልካቹ መሃል ቆማለች። ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሳችኝ፣ ተቀመጠች።

ያን ቀን አፈርኩ። ደመና በማየት የማይሸፈን ማፈር ነው። ማታውን ለዞኑ ስፖርት ቢሮ ደብዳቤ ጻፍኩ፦ ሁለተኛው ቴክኒካል ፋውል ጥፋቱ የተጫዋቿ ሳይሆን የእኔ ነው፤ የሰጠሁት እህቴ በመሆኗና የሰው አፍ በመፍራቴ ነው። ለሐጂ ሱቃቸው ድረስ ወሰድኩላቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡትና፣ "ይኸንንስ እፈርማለሁ" አሉ።

ቢሮው ዝርዝሩ ባሕር ዳር ደርሷል፣ አይነካም አለኝ። ደብዳቤውን ግን ተቀበለና በገዛ እጅህ አምነሃል ብሎ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዳልዳኝ አገደኝ። ከተማው ደግሞ ወሬውን በሁለት ቀን ጨረሰው። ከአውቶቡስ መናኸሪያ በባጃጅ ስመለስ ሹፌሩ ያ ቆሎ ቆርጣሚ ሆኖ ተገኘ፤ በመስተዋቱ እያየኝ፣ "ለእህትህ ብለህ ደብዳቤ ጻፍክ አሉ፤ ያው ዘመድ ነው፣ ምን ይደረጋል" አለኝ። የፈራሁት አፍ ይኸው ነበር። ሂሳቡን ሰጥቼው ወረድኩ፤ ምንም አልሆንኩም።

ቡድኑ ወደ ባሕር ዳር በተነሳበት ጠዋት ሜዳው ላይ የኳስ ድምፅ ሰማሁና ወጣሁ። ብቻዋን ነበረች። ዓይኗ ቀልቷል። ከቅርጫቱ ሥር ሄጄ ቆምኩ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ሐጂ ነግረውኛል" አለች። "ለከርሞ አንተ አትዳኝም። ኳስ ብቻ ታነሳለህ።"

እሺ አልኩ። ኳሱን በአንድ እጇ ወደ ኋላ ሳበችው።

"ያዝ።"

ደረቴ ላይ ተቃጠለ። በሁለት እጄ ተቀበልኩት።