የማይንሳፈፈው እንጨት

አሁን በምንኖርበት ቡራዩ የቧንቧ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ፣ ውኃ በመጣ ቀን ቤታችን ውስጥ የማይታጠብ ነገር የለም። ባለፈው ቅዳሜ በረንዳውን ሳጥብ፣ በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው የምናስደግፍበትን ቡናማ ድንጋይ ሳላስበው ከቧንቧው ሥር አስገባሁት። ደረቅ ሲሆን ከማንኛውም ድንጋይ አይለይም፤ እማዬማ ቤት ስንቀይር ልትጥለው ነበር። ውኃው ሲነካው ግን እንደተቆረጠ የዛፍ ግንድ ቀለበቶቹ እየደመቁ ወጡ፤ የወንዝ ሽታው ሲነሣ ደግሞ ካልሲ ያደረገ እግሬን ቆፈን ያዘው።

ያኔ ሱሉልታ ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እኔም ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። የጥቅምት ወንዝ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ የሚያውቀው የገባበት ነው፤ አመዳዩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሳለ እኔና ጫልቱ ቀሚሳችንን ሰብስበን እንገባለን፣ ጥቂት ቆይቶ እግራችን የእኛ መሆኑን በዓይናችን ካላየን አናምንም። ጫልቱ የጎረቤታችን የኦቦ ደገፋ የልጅ ልጅ ናት። ስትናደድ አማርኛው ይጠፋባታል፣ እኔ ደግሞ ኦሮምኛ የምችለው ሰላምታ ብቻ ስለነበር፣ ጠባችን ሁሉ ሳይውል ሳያድር በሰላምታ ያልቅ ነበር።

አንድ ቀን ጫልቱ ከወንዙ ዳር ያገኘችውን ቁራጭ እንጨት ጀልባ ላድርገው ብላ ወረወረችው፤ እንጨቱ እንደ ድንጋይ ሰጠመ። አውጥተን ብናየው ቅርፊቱ የእንጨት፣ ጅማቱ የእንጨት፣ ክብደቱ ግን ሌላ። የሳይንስ ቲቸራችን ቅሪተ አካል ነው አለችን፤ በጥንት ዘመን የተቀበረ ዛፍ ውስጥ ማዕድን ያለበት ውኃ ቀስ እያለ ሲሰርግ እንጨቱ ወደ ድንጋይ ይለወጣል። መለያውንም ነገረችን፤ ውኃ ላይ አይንሳፈፍም፣ ቢላ አይጭረውም፣ ሲረጥብ ቀለበቱ ይታያል።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንደሱ ያለ ድንጋይ ከወንዙ እንፈልግ ጀመር፤ ሰው ማመንም አቆምን። ልብስ አጣቢዎቹ ምን ጠፋባችሁ ሲሉን የጆሮ ጌጥ እንላለን፤ ጎንበስ ያለ ሰው ካየን ሊሰርቀን ነው እንላለን። ከሁሉ የጠረጠርናቸው ግን ኦቦ ደገፋን ነበር። የወንዙ ዳር የሣር መሬት የእሳቸው ነው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ከብት የሚጠብቁ መስለው እኛን ይጠብቃሉ። ድንጋይ ያገኘንበት ቦታ እንዳይጠፋን ጫፉን ኖራ የቀባነው ችካል እንተክል ነበር፤ በማግሥቱ ስንመጣ ችካሉ የለም።

«አያትሽ ደርሰውበታል» አልኳት።

«አባባ ድንጋይ ምን ያደርግላቸዋል? ይበሉታል?»

አንድ ምሽት፣ እማዬ ከአዲስ አበባ ሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ኦቦ ደገፋ ችካሎቻችንን በብብታቸው ይዘው መጡ፤ ጫልቱ ከኋላቸው ዓይኗ ቀልቷል። «አካም ጅርታ» ብለው ሰላምታ ከሰጡ በኋላ፣ ተቀመጡ ቢባሉም ሳይቀመጡ፣ ችካሎቹን ደጃፋችን ላይ ዘረገፏቸው።

«አንቺ፣ ቢሮ አይደል የምትሠሪው?»

«አዎ አባባ፤ ጸሐፊ ነኝ።»

«መሬቴን ማነው የሚለካው? ትልቅ ሰው ጠፍቶ ነው ልጅ የተላከብኝ?»

በሰፈሩ ችካል ምን ማለት እንደሆነ ያልገባን እኛ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ችካል ከታየ መሬት ለኪ ይመጣል፤ ከለኪው ቀጥሎ አጥር ነው። ድንጋይ ፍለጋ ነው ብዬ ስምል ጭራሽ ተቆጡ።

«ድንጋይማ ማሳዬን ሞልቶታል፣ ነይ ልቀሚልኝ! ከዛሬ ጀምሮ ወንዝ የለም። ጫልቱም እዚህ ቤት አትደርስም።»

እዚያ ሰፈር ከጫልቱ ሌላ ማንም አልነበረኝም። ሮጬ ያንን የመጀመሪያውን እንጨት አመጣሁና ባልዲ ውኃ ውስጥ ለቀቅኩት፤ ሰጠመ። ኦቦ ደገፋ እጅጌያቸውን ሰብስበው አወጡት፣ ባልዲው ተንኮል ያለበት ይመስል ሥሩን ደባበሱ፣ ራሳቸው ደግመው ለቀቁት። ቢላ አስመጥተው ቢፍቁት የተበላሸው የእማዬ ቢላ ነው። ከዚያ በጥርጣሬ አዩኝ።

«ይህ ዛፍ የማን ነበር?»

«ሰው ሳይኖር በፊት ነው የበቀለው፣ ኦቦ።»

«ሰው ሳይኖር?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያ መጥቶ የኔ ነው የሚለን የለም።» ችካሎቹን ከመሬት ለቅመው መለሱልን።

ከዚያ በኋላ የነበረው ዓመት የልጅነቴ ሁሉ ቁንጮ ነው። ኦቦ ደገፋም አብረውን ይፈልጉ ጀመር። ውኃ ውስጥ ግን ገብተው አያውቁም፤ ዳር ተቀምጠው በዱላቸው «ያቺን! አይ፣ ከጎኗ ያለችውን!» እያሉ ያዙናል። የዛሬው በር አስደጋፊ እሳቸው የጠቆሙት ነው።

በዓመቱ መስከረም ሣሩ ላይ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች በቀጥታ መስመር ተተክለው አገኘን። ኦቦ ደገፋ ምልክት ያደረጉልን መስሎን በደስታ በየሥራቸው ፈለግን። ለካስ እሳቸውም የእኔና የጫልቱ ችካሎች ናቸው ብለው እረኞቹን እንዳትነኩ ሲያስጠነቅቁ ሰንብተዋል፤ አንዱን ላም ብትጥለው ተመልሰው በደንብ አጥብቀው የተከሉት እሳቸው ናቸው። ማናችንም አልጠየቅንም። ባለ ሦስት እግር የመሬት መለኪያ መሣሪያ የተሸከሙ ሰዎች ሲመጡ ነው የተያየነው።

ዛሬ እዚያ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ወንዙ ጥግ ጥጉን ይዞ በቆሻሻ መሀል ይሄዳል። መሬቱ ስንት ካሬ እንደነበር የለኩት ያውቃሉ፤ እኔ የምለካው ግን ያቺን ኦቦ ደገፋ መጠርጠር የተዉባትን አንዲት ዓመት ነው። ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ መሬቱ አላነሡም፤ ያኔ ስለጠቆሙት ድንጋይ ጠየቁኝ።

«አሁንም ይሰጥማል?»

«ይሰጥማል፣ ኦቦ።»

«በዓይንሽ አይተሻል?»

አላየሁም ነበር። ያን በረንዳ ያጠብኩበት ቅዳሜ፣ ውኃው ሳይሄድ፣ ባልዲ ሞልቼ ለቀቅኩትና ሥሩን ደባበስኩ፤ ከዚያ ለጫልቱ ደወልኩ፣ ሲሰጥም አይታዋለች ብለሽ ለአያትሽ ንገሪልኝ አልኳት። ስልኩን ሳትዘጋ ከኋላዋ ድምፃቸው ተሰማኝ።

«ይዛው ትምጣ።»